ሀ ሁን ማዜምና ፊደልን ማወቅ

የአንድ ሕፃን አፍ 231ዱን ፊደላት ከሀ እስከ ፐ ሳያደናቅፈው ሊወርዳቸው ይችላል፤ ዓይኑ ግን ከነዚያው ውስጥ ዐሥሩን እንኳ ለይቶ ላያውቅ ይችላል። ይህን የተማርሁት ከመጻሕፍት ሳይሆን ከቤቴ ነው። አራት ዓመት ተኩል የሆናት ልጄ በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የፊደል ገበታ በዜማ ስትወርደው እናቷም እኔም በኩራት እናዳምጣት ነበር። አንድ ቀን ማታ ግን የሙያ ጠባዬ አላስቀመጠኝም። ያልተፈተሸ ሥራ ተጠናቀቀ አይባልምና አንድ ካርቶን ወስጄ በመካከሉ አንዲት ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ በምላጭ ቆረጥሁ፤ ካርቶኑንም በገበታው ላይ አሳረፍሁት። በቀዳዳው የታየችው ፊደል «ቴ» ነበረች። ልጄ ጥቂት ዝም ብላ ከቆየች በኋላ የካርቶኑን ጠርዝ ልትገልጥ እየሞከረች፣ «ከመጀመሪያው ልጀምር አባዬ?» አለችኝ።

ይህች ጥያቄ የኔ ቤት ብቻ መስላኝ ነበር። የመጽሔታችን አዘጋጆች ከዕለት ሥራችን ወጣ ባለ ጉዳይ ላይ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ግን ጥያቄዋን ይዤ ወደ ኋላ ብመለከት፣ ሕፃናትን ፊደል ያስተማሩ ሰዎች ከ1900 ዓመታት በላይ ሲታገሏት የኖሩ መሆናቸውን አገኘሁ። መልሳቸውም በያለበት ተመሳሳይ ነው፤ ይኸውም ልጁ ተራውን እንደ ለመደው ወዲያው ተራውን ማፍረስ ነው። የኛ አገር መምህራን ደግሞ ይህንኑ መልስ ራሱን የቻለ ገበታ አድርገው ሠርተው ስም አውጥተውለታል። ስሙም አቡጊዳ ነው።

ነገሩን ከሩቁ እንጀምረው። በመጀመሪያው ምእተ ዓመት ማብቂያ ገደማ በሮማ ያስተምር የነበረው፣ በትውልዱ የእስፓኝ ሰው የሆነው የንግግር ጥበብ መምህር ኲንቲልያኖስ፣ ስለ ተናጋሪ ሰው አስተዳደግ በጻፈው ሰፊ መጽሐፍ መግቢያ ላይ ስለ ሕፃናት ፊደል ቆጠራ ጥቂት ገጾች ትቶልናል። ሕፃናት የፊደላቱን መልክ ሳያዩ አስቀድመው ስማቸውንና ተራቸውን እንዲሸመድዱ መደረጉን አይወደውም። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ ቃሉ በአእምሯቸው ቀድሞ ስለሚሮጥ ዓይናቸው በመልኩ ላይ አያርፍም ይላል። መምህራን ፊደሉን በቀጥታው ተራ ካስተማሩ በኋላ ወደ ኋላ እየመለሱና እያዘበራረቁ የሚጠይቁት ከዚህ የተነሣ መሆኑንም ያመለክታል። ለሕፃኑ ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹ ፊደላት በመጫወቻነት እንዲሰጡት ይመክራል። ለጽሕፈትም ፊደላቱ በሰሌዳ ላይ ተቦርቡረው ብዕሩ በቦያቸው ውስጥ እንዲሄድ ማድረግ ይበጃል ይላል፤ እጅ እንዳይስት የሚያደርግ መምሪያ ቅርጽ መሥራት የኛ ሙያ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ከ300 ዓመታት በኋላ፣ በ403 ገደማ፣ በቤተ ልሔም ይኖር የነበረው ሄሮኒሞስ ላኤታ ለምትባል የሮማ እመቤት ስለ ሕፃን ልጇ ስለ ጳውላ አስተዳደግ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ይህንኑ ምክር አድሶታል። ፊደላቱ ከእንጨት ወይም ከዝሆን ጥርስ ተሠርተው ይሰጧት፣ ትጫወትባቸው፣ ጨዋታውም ትምህርት ይሁናት ይላል። ተራቸውን በዜማ ብትይዘው መልካም መሆኑን አይክድም። ነገር ግን የመጨረሻው ከመካከለኛው፣ መካከለኛውም ከመጀመሪያው ጋር ብዙ ጊዜ ይደባለቅባት፤ በጆሮዋ ብቻ ሳይሆን በዓይኗም እንድትለያቸው ነው። ሽልማት እንዲሰጣት፣ የሚፎካከሯት ጓደኞች እንዲኖሯት፣ ብትዘገይም እንዳትገሠጽ ጭምር ይመክራል። ሄሮኒሞስ በብዙ ነገር ጥብቅ መነኩሴ ነበር፤ በዚህ በአንዱ ግን ለብዙ የዘመናችን ወላጆች አስተማሪ ሊሆን የሚችል ይመስለኛል።

በመካከለኛው ዘመን በጀርመንና በፈረንሳይ ይኖሩ የነበሩ አይሁድም ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መምህር የሚወስዱበት ሥርዐት ነበራቸው። መምህሩ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የተጻፈበትን ሰሌዳ ያሳየዋል፣ ፊደሉን እያነበበ ልጁ እንዲከተለው ያደርጋል፣ ከዚያም በሰሌዳው ላይ ማር ይቀባና ልጁ ይልሰዋል። ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ሁሉ ማሩን ያነሣሉ። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ብዙዎች የሚያልፉት አንድ ነገር ነው፤ መምህሩ ፊደሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካነበበ በኋላ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መልሶ ያነበው ነበር። ማሩ ልጁን ወደ ፊደል ያቀርበዋል፤ የኋሊት ንባቡ ግን ፊደሉን ለየብቻው እንዲያይ ያስገድደዋል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የግዕዝ ፊደል በመጀመሪያ እንደ ሌሎቹ የሴም ጽሕፈቶች ተነባቢውን ብቻ የሚያመለክት ነበር፤ በ4ኛው ምእተ ዓመት፣ በአክሱም በንጉሥ ኢዛና ዘመን ገደማ፣ አናባቢውን የሚያሳዩ ቅጥሎች በፊደሉ አካል ላይ ተጨመሩ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ የተባሉ ሰባት መልኮች አሉት። የግዕዙ 26 ፊደላት ለአማርኛ ሲውሉ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀና ጨ ተጨምረው 33 ሆኑ። 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹን እዚህ አልቈጠርኋቸውም።

መሐንዲስ ይህን ገበታ ሲያይ ማትሪክስ ያያል። ረድፉ ተነባቢ ነው፣ ዓምዱ አናባቢ ነው። ሥርዐቱ ፍጹም ቢሆን ኖሮ 231 ነገር ማወቅ ባላስፈለገ፤ 33 አካላትና 7 የቅጥል ሕግጋት፣ በድምሩ 40 ነገሮች፣ ሁሉንም ባስገኙ ነበር። በብዙው ቦታም ነገሩ እንዲሁ ነው። ሉ፣ ቡ፣ ኑ ቅጥላቸው በቀኝ ወገባቸው ላይ ነው፤ ሌ፣ ቤ፣ ኔ ቀለበታቸው ከእግራቸው ሥር ነው። ሩና ፉ ግን ከካዕብ ወንድሞቻቸው ያፈነግጣሉ። ሳድሱ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ሕግ የለሽ ነው፤ ል፣ ም፣ ር፣ ስ፣ ት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ተጣመዋል። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ አብዝቶ የሚገኘውም ይኸው ሳድስ መሆኑ የሕፃናት ዕድል ሆኖ ነው ከማለት ሌላ ምን ይባላል!

በሌላ በኩል ፊደላችን ለሕፃን የሚሰጠው አንድ ትልቅ ስጦታ አለ፤ ስሙና ድምፁ አንድ መሆኑ ነው። እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ «ደብሊው» የሚባለው ፊደል በቃል ውስጥ ሲገባ «ው» ብቻ እንደሚሆን ለብቻው መማር አለበት። በኛ ዘንድ ግን በ ስሙም «በ» ነው፣ ድምፁም «በ» ነው። በርን የሚያነብ ልጅ በን እና ርን ከማስከተል በቀር ሌላ ጣጣ የለበትም። እርግጥ ነው፣ ገና የሚለው ቃል «እስካሁን» ማለት ይሁን ወይም የልደት በዓል፣ ማጥበቁንና ማላላቱን ፊደሉ አይነግረውም፤ ይህን ግን የሚናገረውን ቋንቋ የሚያውቅ ልጅ ከአገባቡ ይደርስበታል።

ወጥመዱ ያለው እንግዲህ እዚሁ ሥርዐት ውስጥ ነው። ረድፉ ሰባት ቤት ስላለውና ሰባቱም በአንድ ዜማ ስለሚወርዱ፣ ልጁ የረድፉን መጀመሪያ ካወቀ ቀሪዎቹን ስድስቱን ዜማው ራሱ ይሰጠዋል። ተ ካለ በኋላ ቱ፣ ቲ፣ ታ፣ ቴ፣ ት፣ ቶ ለማለት ዓይኑን መግለጥ አያስፈልገውም። ገበታው በሥርዐት መደርደሩ ለሚያስተምር ሰው ምቹ ነው፤ ያላወቀውን ልጅ ያወቀ አስመስሎ መሸሸጉም ከዚሁ ሥርዐቱ የተነሣ ነው።

የቤተ ክህነት መምህራን ይህን ያውቁ ነበር። በደብሩ ዐጸድ ውስጥ፣ በዛፍ ጥላ ሥር በድንጋይ ላይ የተቀመጠው ልጅ በእጁ ስንደዶ ይዞ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ በድምፅ ይቆጥራል። ስንደዶው ተራ ነገር ይመስላል፤ ሥራው ግን አፍን ከዓይን ጋር ማሰር ነው። አፉ ሁለት ፊደል ብሎ ስንደዶው አንድ ከተራመደ ስሕተቱ ለሁሉም ይታያል። መምህሩ አንድ ልጆቹ ብዙ በመሆናቸው ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስቆጥረዋል፤ አስቆጣሪውም ሲያስቆጥር የራሱን ያጠናክራል። የኔታ ወይም ተተኪያቸው ሲፈትኑ ደግሞ ከዚህ ረድፍ ወደዚያ ረድፍ እየዘለሉ ይጠይቃሉ። እዚያው ላይ አርጩሜና ቁንጥጫ መኖራቸውን መደበቅ አይገባም። ብዙ ልጅ ፊደልን የወደደው ከተገረፈ በኋላ እንጂ ከመገረፉ የተነሣ አይደለም፤ ፊደልን ጥሎ የሸሸውም ቁጥሩ ጥቂት አይሆንም።

ሀ ሁን የጨረሰ ልጅ የሚገባው ወደ አቡጊዳ ነው። የመጀመሪያው ረድፍ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ይላል። ሁለተኛው በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ እያለ ይቀጥላል፣ ሦስተኛው ገ ዱ ሂ ዋ ዜ እያለ። አሠራሩን ልብ ብሎ ላየው ድንቅ ነው። በሀ ሁ ገበታ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ሲኬድ ዓምዱ ብቻ ይለወጣል፣ ተነባቢው ባለበት ይቆያል። በአቡጊዳ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ተነባቢውም አናባቢውም አብረው ይለወጣሉ፤ ይኸውም ማትሪክሱ በሰያፍ መነበቡ ነው። ስለዚህ ከጎኑ ያለው ፊደል ለልጁ ምንም ፍንጭ አይሰጠውም። ከቡ ቀጥሎ ጊ መምጣቱን ዜማው አስቀድሞ አልነገረውም፤ ማየት አለበት። ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀው አንድም ፊደል አለመጨመሩና አለመቀነሱ ነው። ያው ዕቃ በሌላ አደራደር ቀርቦ የማስተማሪያው ገበታ የመፈተኛ ገበታ ሆነ።

ተራው ከየትም የተቀዳ አይደለም። አ በ ገ ደ የዕብራይስጡና የጽርዑ ፊደል ቅደም ተከተል ነው፤ ዳዊት የደገመ ሰው በ118ኛው መዝሙር ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል የሚሉትን ስሞች ያውቃቸዋል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የግዕዝ መዝገበ ቃላታቸውን፣ ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. የወጣውን የአማርኛ መዝገበ ቃላታቸውን ያሰናዱት በዚሁ በአ በ ገ ደ ተራ ነው። ሀ ለ ሐ መ ደግሞ የደቡብ ዐረብ ጽሕፈት ተራ ሲሆን፣ በሶርያ በኡጋሪት በተገኘ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው ምእተ ዓመት ገደማ በተጻፈ የሸክላ ጽላት ላይ ሳይቀር ታይቷል። እንግዲህ የአገራችን መምህራን ሁለቱንም ጥንታዊ ተራዎች ይዘው አንዱን ለማስተማር፣ ሁለተኛውን ለመፈተን አዋሉ ማለት ነው። ሁለት ተራ የያዘ ሕዝብ አንዱን ስሕተት ነው ብሎ ሊጥለው በተገባው ነበር ብሎ የሚያስብ ቢኖር፣ የሁለቱን ጥቅም በአንድ ልጅ ላይ ይሞክረው።

አቡጊዳም ቢሆን በብዛት ሲደገም ዜማ መሆኑ አይቀርም። ለዚህ ነው ቀጥሎ ፊደለ ሐዋርያ፣ ማለትም የዮሐንስ መልእክት የሚመጣው። ልጁ በመጀመሪያ የቃሉን ፊደላት አንድ በአንድ ነጥሎ ይቆጥራል፤ ከዚያም በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እያለ ወደ ቀናው ንባብ ይደርሳል። ከተነጠለ ፊደል ወደ ተያያዘ ቃል የሚደረገው ጉዞ በየደረጃው ተከፋፍሏል። ዳዊት ሲደገም ቤተ ሰቡ የሚደግሰው ድግስም ለዚህ ጉዞ መጨረሻ የሚከፈል ደመወዝ ነው።

ይህ ሁሉ ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲደርስ ከፊሉ ወደቀ። በአዲስ አበባ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ አሳትመው ያሠራጯት የፊደል ሉህ ሀ ሁንና አቡጊዳን በየቤቱ አድርሳለች። በጊዜ ብዛት ግን በብዙ ቤት፣ በብዙ መዋዕለ ሕፃናትም፣ ሀ ሁ ብቻ የሚዜም ሆነ፤ አቡጊዳ ደግሞ ለምን እንደ ተቀመጠ የማይታወቅ ትርጉም የለሽ የቃላት ጥርቅም ተቆጠረ። የኛ ሙያ ሰዎችም በፊደሉ ብዙ ደክመዋል። ኢንጂነር አያና ብሩ በ1920ዎቹ ዓ.ም. የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ሲያስቡ ያን ሁሉ ፊደል በጥቂት መምቻዎች ላይ ማስቀመጥ ስለማይቻል አካሉንና ቅጥሉን ለያይቶ መግጠም ግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደረጃ ፊደላችንን ሲቀበል የደረደረው በሀ ሁ ተራ ነው፤ ለእያንዳንዱ ረድፍ ስምንት ስፍራ ተሰጥቶታል። የልጄ የግድግዳ ገበታ ዛሬ በየስልኩ ሆድ ውስጥ አለ ማለት ነው። ምጸቱ ግን ሌላ ነው። አሜሪካዊው የጽሕፈት ሥርዐቶች ተመራማሪ ፒተር ዳንኤልስ እ.ኤ.አ. በ1990 እንደ ግዕዝና እንደ ሕንድ ጽሕፈቶች ላሉት የፊደል ዓይነቶች የወል ስም ሲያወጣላቸው «አቡጊዳ» አላቸው። ቃሉ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ስመ ጥር በሆነበት ዘመን በተወለደበት አገር ከሕፃናት አፍ እየጠፋ ነበር።

ጉዳቱ የናፍቆት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አላነሣውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በበርካታ ቋንቋዎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ደርሰው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ያልቻሉ ብዙ ልጆች መኖራቸውን አሳይቷል። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ የመጽሐፍ እጥረት፣ የክፍል መጣበብ፣ የመምህራን ሥልጠና ሁሉ አለበት። ቢሆንም ፊደልን በዜማ ብቻ ወርዶ ያለፈ ልጅ ከነዚህ መካከል እንደሚገኝ አልጠራጠርም፤ ያለማወቁን ማንም ሳያይበት ስለሚያልፍ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የስድስት ዓመት ልጆች የሚፈተኑበት የድምፅ ንባብ ፈተና 40 ቃላት አሉት፤ ከነዚህም 20ዎቹ ምንም ትርጉም የሌላቸው፣ ለፈተናው ሲባል የተፈጠሩ ናቸው። ትርጉም የሌለውን ቃል ማንም በቃሉ ሊይዘው ስለማይችል፣ ያነበበው ልጅ በእርግጥ አንብቦታል። አቡጊዳ ሄውዞ ትርጉም የለውም እያልን የምንስቅ ሰዎች ይህን ብናስብበት መልካም ነው።

አሮጌው ትምህርት የጎደለው ነገር እንደ ነበረም መናገር ፍትሕ ነው። ማንበብና መጻፍ ተለያይተው ይኖሩ ነበር፤ ቁም ጽሕፈት ከብራናና ከመቃ ጋር የተያያዘ የባለሙያ ሥራ ስለ ነበረ፣ ዳዊት የሚደግም ብዙ ሰው ስሙን መጻፍ አይችልም ነበር። የልጁ እጅ ከስንደዶ ሌላ ድርሻ አልነበረውም። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በጥር 1907 በሮማ በድኾች ሰፈር በሳን ሎሬንዞ የሕፃናት ቤቷን ስትከፍት የተጠቀመችበት ይህንኑ እጅ ነው። ቀደም ሲል ለሌሎች ልጆች ያሠራቻቸውን ዓይነት የእንጨት ፊደላት የሚሠራላት ስታጣ፣ አናጢ እንጨት የሚያለሰልስበትን ሸካራ ወረቀት በፊደል ቅርጽ ቆርጣ በካርቶን ላይ ለጠፈች። ልጆቹ የፊደሉን ስም ሳይሆን ድምፁን እያሰሙ በጣታቸው ይከተሉት ነበር። በችግር የተገኘው ወረቀት ከተወደደው እንጨት በለጠ፤ ጣት ከመንገዱ ሲወጣ ልስላሴው ራሱ ይነግረዋልና። እንዲህ ያለ መፍትሔ ለኛ ማኅበር አባላት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እኔም ከዚህ ሁሉ የወሰድሁትን በቤቴ ሞከርሁት። በመጀመሪያ የለስላሳ ቆርኪዎች ሰብስቤ በያንዳንዱ ሆድ ላይ አንድ አንድ ፊደል ጻፍሁ። ልጄ ቆርኪ መደርደር ቀድሞም ትወዳለችና፣ ከከረጢት እያወጣች ያወቀችውን ለራሷ፣ ያላወቀችውን ለኔ ትሰጠኝ ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት እኔ ባለጸጋ ነበርሁ። ቀጥሎ በግቢያችን የሲሚንቶ ወለል ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ሣልን። ጨዋታው በዕለታት ስም የሚጠራ ስለሆነ ሰባቱን ዕለታት ከሰባቱ የፊደል ቤቶች ጋር ማጋባት አላስቸገረም፤ ዓምዶቹን ሰባት፣ ረድፎቹንም ሰባት አደረግናቸው። ረድፎቹን የጻፍናቸው በአ በ ገ ደ ሀ ወ ዘ ተራ ነው። በረድፍ መዝለል ሀ ሁ ነው፤ ከአንዱ ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ እስከ ሌላው ጥግ መዝለል ደግሞ አቡጊዳ ነው። ይህን ለልጄ አልነገርኋትም፤ በሰያፍ መዝለል ስለሚከብድ ብቻ ወደደችው። አያቷ ከበረንዳው ሆነው ሲያዩን ቆይተው፣ «ይኼማ አቡጊዳ አይደለም እንዴ! የኔታ በቁንጥጫ ያስቆጠሩኝን አንቺ በእግርሽ ትጫወችበታለሽ?» ብለው ሣቁ፤ ከዚያም በያዙት ከዘራ ከሩቅ እየጠቆሙ ያስቆጥሯት ጀመር።

ከወር በኋላ ያንኑ ባለቀዳዳ ካርቶን አወጣሁ። «ቴ» ላይ አሳረፍሁት፣ አለችው። «ሩ» ላይ አሳረፍሁት፣ ጥቂት አመንትታ አለችው። «ል» ላይ ሳሳርፈው «እ» አለችኝ። አሁን የምንዘልለው የሳድሱን ዓምድ ነው።